ጫፉ ያልተቆረጠ ዱካ

ትብለጥ ታከለ አዲስ ሰው አትወድም ነበር። ጉዱ ግን አዲስ ሰው እንድትቀበል የተሾመችው እሷ መሆኗ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤሏ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ የከተማቸውን ካርታ በኢንተርኔት በነፃ የሚስሉ ፈቃደኞች ተሰባስበው ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። ጂፒኤስ የምትባለዋን ትንሽ መሣሪያ ይዞ በመንገድ መሄድ፣ መሣሪያዋ የመዘገበችውን ዱካ ኮምፒዩተር ላይ መጫን፣ ከዚያ በዱካው ላይ መንገዱን ስሎ ስሙን መጻፍ ነው። ደመወዝ የለውም። ደመወዝ የሌለው ሥራ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው ይሰበስባል፤ ሥራውን የሚወድና ራሱን የሚወድ። የቡድኑ መሥራች ጋል ከሁለተኞቹ ወገን ነበር። «ማኅበረሰብ» የምትለዋን ቃል ሳይጠራ ውሎ አያድርም፤ ጀምሮ የጨረሰው መንገድ ግን አንድም የለም።

አዳዲሶቹን የሚቀበልና የሚመራ ሰው ሲፈለግ፣ ጋል ካፌ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን ወደ ትብለጥ ቀሰረ።

«አንቺ ትሆኛለሽ። እናንተ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባይ ናችሁ። ዝምተኞች፣ ጨዋዎች!»

ትብለጥ ከትግራይ በሱዳን በኩል በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች፣ በትግርኛ የምትከራከር፣ በአማርኛ የምትቀልድ፣ በዕብራይስጥ የምትሳደብ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት። በአንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ሥራዋ የሌሎችን ስህተት መልቀም ነው። ባይከፍሏትም ትሠራው ነበር። ጋልን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና በዕብራይስጥ «በሰደር»፣ እሺ፣ አለች። ንዴቷን በማን ላይ እንደምትወጣው ወዲያው ገብቷታል።

አዲስ የሚገቡትን በያይነታቸው ትንቃቸው ነበር። የራሱን ቤት ብቻ ስሎ፣ «የኔ ቤት» ብሎ ጽፎ ሁለተኛ የማይመለሰውን ትንቃለች። የፍቅረኛውን ስም መናፈሻ ላይ የሚለጥፈውን ትንቃለች። ከሁሉ የባሰባት ግን ሶፋ ላይ ተጋድሞ መንገድ በግምት የሚስለው፣ አስፋልቱን በሰው መዋኛ ገንዳ መሐል የሚያሳልፈው ነው። ለያንዳንዳቸው መልእክት ትጽፋለች። መልእክቱ «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ይጀምርና ገና ሳያልቅ ሰውየውን ምነው ባልመጣሁ ያሰኘዋል። ሊያት የምትባል አንዲት ተማሪ መልእክቷን አንብባ ማልቀሷን ትብለጥ ሰምታለች። «ታልቅስ፤ ስታበቃ ትማር» ብላ አለፈችው።

ከምክሮቿ ሁሉ አስረግጣ የምትጽፈው አንዱን ነበር። «ዱካህን ከመጫንህ በፊት ጫፍና ጫፉን ቁረጥ። ካልቆረጥክ ከየት ተነሥተህ የት እንደገባህ ዓለም ሁሉ ያየዋል። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም።»

እንዲህ ስትል ቢንያሚን የሚባል አዲስ ገቢ መጣ።

ቢንያሚን የሳለውን ስታይ ትብለጥ መጀመሪያ ኮምፒዩተሯ የተበላሸ መሰላት። በጋኔይ ቲክቫ አዋሳኝ አንድ መንገድ ተነሥቶ ያንኑ የቤቶች ሰልፍ ደጋግሞ ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያ እንደ ድመት ጭረት እየተጥመለመለ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ያልቃል። ሰውየው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መንገድ ብሎ ስሎታል።

«እንኳን ደህና መጣህ» ብላ ጻፈችለት። «ሰክረህ ነው የምትነዳው?»

መልሱ በማግሥቱ መጣ። «ሻሎም ትብለጥ። የነዳሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ሞሬ ነሂጋ ነኝ፤ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። መሣሪያዋን መኪናው ውስጥ አስቀምጬ፣ የመዘገበችው ሁሉ መንገድ መስሎኝ ነው። የነዳችው ተማሪዬ ናት፤ ገና መኪና ማቆም እየተለማመደች ነው። ስለ መልካም አቀባበልሽ አመሰግናለሁ። ቢንያሚን።»

ትብለጥ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግማ አነበበቻት። እያሾፈባት ነው ወይስ ጅል ነው? ጅል ነው ብላ ወሰነችና ተኛች።

አንድ አርብ ጠዋት ፈቃደኞቹ ኤም ሃሞሻቮት ውስጥ ተገናኙ። የሰፈሩ ፎቆች ገና በቅርቡ የቆሙ ስለሆኑ ካርታው ላይ ባዶ መሬት ነበር። ጋል ነባሮቹን ካዲሶቹ ጋር ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረና ራሱ ካፌ ቀረ። ይህን ማስተባበር ይለዋል። ለትብለጥ የደረሳት ቢንያሚን ነበር።

የጠበቀችው ቦርጫም ሽማግሌ ነው። የመጣው ግን ረጅም፣ ጠይም፣ ሸሚዙን ለሠርግ እንደሚሄድ የተኮሰ ወጣት ሆነ። ሻሎም ሊላት አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ቋንቋውን ቀየረ።

«እንደምን አደርሽ? ሰክረህ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሰክረህ ነበር?»

«ገና ነው። አሁን ግን ትንሽ ራሴን አዞረኝ» አለና ዓይኑን ሳይነቅል ፈገግ አለ።

ትብለጥ እንዲህ ያለውን ንግግር ድሮ ጀምሮ ትንቀዋለች። መልስ ሳትሰጠው መንገድ ጀመረች።

እሷ ትሮጣለች፤ እሱ ይንቀራፈፋል። ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ የጎንደር ሽማግሌ ሲያይ ጭራሽ ቆመ። እንዴት አደሩ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ፤ ይህን ሁሉ ጠይቆ ሲያበቃ ነው የመንገዱን ስም የጠየቃቸው።

«ማ ፒትኦም! ምን ማለት ነው ይሄ!» አለች ትብለጥ ፈንጠር ብለው ሲሄዱ። «የመጣነው ካርታ ልንስል ነው፣ ለቅሶ ልንደርስ? ስሙ እኮ እዚያ ምልክቱ ላይ ተጽፏል!»

«አንብቤዋለሁ። እሳቸው ግን የሚያናግራቸው አጥተው ነው የተቀመጡት።»

 ትብለጥ እርምጃዋን አፈጠነች።

«ተማሪዎችህንም በዚህ ፍጥነት ነው የምታስተምረው?»

«በኔ በኩልም ፍሬን አለ» አላት። «ሲሳሳቱ ቀስ ብዬ እረግጠዋለሁ። መጮህ አያስፈልገኝም።»

ትዕግሥት ማለት ሥራ ፈቶች ለስንፍናቸው ያወጡለት ስም ነው ብላ ታስብ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ቤቷ ገብታ ዱካውን ስትስል፣ መንገዱ ሁሉ እሱ የቆመበት ቦታ እየሆነ አስቸገራት። እዚህ ጋ ሳቀ። እዚህ ጋ ፀሐዩ እንዳይመታት በጥላው በኩል ዞረ። ትብለጥ ራሷን ናቀችው።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ መገናኘት ሆነ። ትብለጥ የምትኖረው ክፋር አቭራሃም በሚባል ሰፈር ከእናቷ ከወይዘሮ ፀሐይቱ ጋር ነው፤ ወይዘሮ ፀሐይቱ ደግሞ ከዓይናቸው የሚያመልጥ ነገር የለም።

«ማነው ይሄ አርብ አርብ የሚወስድሽ፣ ጓለይ?» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው በትግርኛ።

«አዲስ ገቢ ነው፣ እማ። እያስተማርኩት ነው።»

«አርብ አርብ ብቻ ነው የማይገባው? ከየት ነው?»

«ወላጆቹ ከጎንደር ናቸው።»

«እ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ፤ የትግራይ ሰው ስለ ጎንደሬ የሚለውን ሁሉ በዚያች ብቻ ጨረሱት።

አንድ ቀን ቢንያሚን መሣሪያዋን ሲቀበላት ጣቶቹ እጇ ላይ ቆዩ። እሷም አልሳበችውም።

«ጫፉን የምንቆርጠው ለምን ነበር ያልሽኝ?»

«ቤትህ የት እንደሆነ ሰው እንዳያውቅ።»

«አንቺም እንዳታውቂ?»

«እኔ ምን አገባኝ!» አለች፤ ፊቷ ግን እሳት ሆነ።

«ጋኔይ ቲክቫ ዳር፣ አረንጓዴው በረንዳ፣ ሁለተኛ ፎቅ» አላት ቢንያሚን ረጋ ብሎ። «ባያገባሽም ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ወደደችው። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አንድ ሰው ሲደሰት አፉ ይለሰልሳል ቢባልም የሷ አፍ ግን አልሰማም ነበር።

ጋል በቡድኑ ፎረም ላይ ነገር ጀመረ። «ትብለጥ ምነው ለዘበች? የመኪናው መምህር ፍሬን ረገጠባት መሰለኝ» ብሎ ጻፈ። ሰው ሳቀ። ትብለጥ የሚስቅባት ሰው አይታ አታውቅም፤ የምትስቀው እሷ ነበረች። በዚያው ቀን ለአዲስ ገቢዎች የምታዘጋጀው መመሪያ ላይ፣ «እንዲህ አይደረግም» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ያንን የተጥመለመለ የቢንያሚንን መንገድ ለጠፈችው። ከሥሩም ጻፈች፤ «እንዲህ ለሚነዳ ሰው እንኳን መኪና የሕፃን ጋሪም አይሰጠውም።» የቢንያሚንን ስም ግን አላነሣችም። ይህን እንደ ቸርነት ቆጠረችው።

ፎረሙ በሳቅ ፈረሰ። ጋል ራሱ አጨበጨበ። ትብለጥ ሁለት ቀን ሙሉ አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች።

አርብ ዕለት ቢንያሚን ባዶ እጁን መጣ። መሣሪያ አልያዘም። ሸሚዙም አልተተኮሰም።

«ሥዕሉን አየሁት» አለ።

«ስምህን አልጻፍኩም እኮ!»

«የኔን ስም ብትጽፊ ይሻል ነበር። የነዳችው እናቴ ናት።»

ትብለጥ መሣሪያዋን ዝቅ አደረገች።

«በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው የጀመረችው። ሰው ይስቅብኛል ብላ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ እማ፣ ካርታ ላይ ወጥተሻል፣ ላሳይሽ ብዬ ራሴ ከፈትኩላት። ሥዕሉን አየች። ከሥሩ ያለውን አንብብልኝ አለችኝ።»

«አነበብክላት?»

«እናቴን አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም።»

 አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ ሰው አራገፈ፣ ሄደ።

«እናትሽ አዲስ ስትገባ፣ መርካዝ ክሊታ የተቀበለቻት ጸሐፊ እንዴት ነበር የምታናግራት?» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አስቢው እስቲ» ብሎ ሄደ።

ትብለጥ ማሰብ አላስፈለጋትም። ስደተኞች መጀመሪያ በሚያርፉበት በዚያ ሕንፃ ውስጥ የምትሠራዋን ሴት ፊት ታስታውሰዋለች፤ እናቷ ስሟን መጻፍ ሲያቅታት የሳቀችውን ሳቅ። ያችን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ንቃታለች። እና ያችን ሴት ሆና ተገኘች።

ሥዕሉን ከመመሪያው ላይ አነሣችው። ስልክ ደወለች፤ አላነሣም። «ይቅር፣ ገደል ይግባ» አለች። አንድ የመኪና መምህር ነው፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? እንዲህ እያለች ቀናቱ ነጎዱ፤ ምግቡ ግን አልወርድ አላት።

ብቻዋን በወጣችበት አርብ መሣሪያዋን ይዛ ክፋር አቭራሃምን ለማረም ተነሣች። ጥቂት መንገድ መዝግባ ስታበቃ ግን፣ መሣሪያዋን ሳታጠፋ፣ እግሯ ወደ ጋኔይ ቲክቫ ወሰዳት። አረንጓዴውን በረንዳ አየችው። ይቅርታ ልትል መጥታ ደረጃው ሥር ቆመች፤ ተመለሰች። ሕንፃውን ዞረችው። እንደገና ቆመች፤ እንደገና ተመለሰች። ስትዞር ስትዞር አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጀምረው ሰንበት፣ ሻባት፣ ሊገባ ተቃረበ፤ እየሮጠች ቤቷ ደረሰች።

«ሻማው ሊበራ ነው! ዝጊው ያንን ነገር!» እያሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ ከወጥ ቤት ጮሁ። ትብለጥ በጥድፊያ የቀኑን ዱካ ጫነችና ኮምፒዩተሩን ዘጋች።

ጫፉን አልቆረጠችም፤ ከክፋር አቭራሃም በኋላ የዞረችው ሁሉ አብሮ ወጣ።

ትዝ ያላት ሻማው ከበራ በኋላ ነው፤ እጇ ላይ የነበረው ሳህን ሊወድቅ ነበር። ሻባት ገብቷል። ኮምፒዩተር አይነካም። ያን ሌሊትና ቀን ሙሉ ዱካዋ ዓለም ፊት ተሰጥቶ ዋለ።

ቅዳሜ ማታ ሻባት እንደወጣ ፎረሙን ከፈተች። ሻባት የማያከብሩት በሙሉ ሲስቁ ውለዋል። ያቺ ያስለቀሰቻት ሊያት የመጀመሪያዋ ነበረች፤ «ጫፉን መቁረጥ ዲግሪ አያስፈልገውም ያልሽን አንቺ አልነበርሽም?» ጋል ደግሞ ዱካውን አስፍቶ ለጥፎታል። «ለመሆኑ እንደ ጠፋች ዶሮ የምትዞሪው ይህ ቤት የማን ነው?»

 ትብለጥ አንድ ነገር ታያት። ቢንያሚን ሻባት ያከብራል። እሱም ኮምፒዩተሩን ገና አሁን ነው የሚከፍተው፤ ምናልባት አልከፈተም። ዱካውን ለማጥፋት አንዲት ጠቅታ ትበቃለች። እሱ ሳያይ ይጠፋል፤ የቀሩት እንደሆኑ ስቀው ስቀው ይረሱታል።

ጣቷ እዚያው ላይ ቆየ። ብታጠፋው ክብሯን ይዛ ትቀራለች። ክብሯን፣ ወይዘሮ ፀሐይቱን፣ ይህን ኮምፒዩተር። ሌላ ምንም።

አላጠፋችውም። ሁሉም በሚያዩት ቦታ ጻፈች።

«ቤቱ የቢንያሚን ነው። በእናቱ ላይ ስላሾፍኩ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ደረጃውን መውጣት ፈርቼ ተመለስኩ። ጫፉን ያልቆረጥኩት ረስቼ ነው። አሁን ትዝ ብሎኛል፤ አልቆርጠውም። ሊያት፣ አንቺንም ይቅርታ። ሳቁ።»

ማንም አልሳቀም። ስልኳ ጠራ።

«አይቼዋለሁ» አለ ቢንያሚን።   እስትንፋሱን ትሰማዋለች።

«ናፍቀኸኛል» አለችው። 

«እኔም» አለ። «ግን እኔን አይደለም ማሳመን ያለብሽ። ነገ ከሰዓት በኋላ ነይ።»

የቢንያሚን እናት ወይዘሮ እንጉዳይ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ዓይናቸው እንደ ወስፌ የሚወጋ ሴት ናቸው። ግቢ አላሏትም።

«ጋሪ አይሰጣትም ያልሽኝ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ። አፌ ነው።»

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

ትብለጥ አንገቷን ደፋች። «የለኝም። በአውቶቡስ ነው የምሄደው።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ከጫማዋ ጀምረው ቀስ እያሉ እስከ ፀጉሯ አዩዋት። ትብለጥ ሰውን መናቅ እችላለሁ ትል ነበር፤ ለካ ገና ጀማሪ ናት።

«መሪ ጨብጠሽ ሳታውቂ ነው የምትስቂብኝ? ቢኒ! ቁልፉን አምጣ!»

ወይዘሮ እንጉዳይ መሪውን ያዙ፤ ቢንያሚን ከጎናቸው፣ ትብለጥ ከኋላ ተቀመጡ። መኪናው ሦስት አራት ጊዜ እንደ በቅሎ ዘለለና መንገድ ገባ። ሰው በሚርመሰመስበት አደባባይ አጠገብ ቀይ መብራት ያዛቸው። ወይዘሮ እንጉዳይ በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

 ትብለጥ ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሰባት ቤት እየተቆጠረ ነው፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም፤ ማንም ከዋዛ ይህን አይጠይቅም።

«የታከለ።»

«ታከለ የማን?»

«የበርሀ። በርሀ የካሕሳይ። ካሕሳይ…» ቆመች። «ከዚያ በላይ አላውቅም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ።

«እማ፣ ሂጂ» አለ ቢንያሚን።

«አንተ ዝም በል! ቁም ነገር ስጠይቅ አይታይህም? ቁጠሪ፣ አንቺ።»

ጥሩምባው በረከተ። ትብለጥ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማ! ከካሕሳይ በላይ ያሉትን ቁጠሪልኝ!»

 ወይዘሮ ፀሐይቱም ጥያቄውን ያውቁታል።

«ማን ነው የጠየቀሽ?»

«እናቱ።»

«ጎንደሬዋ?» ረጅም ትንፋሽ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል! ካሕሳይ የተድላ፣ ተድላ የአድሓና፣ አድሓና የወልዱ፣ ወልዱ የደስታ። ንገሪያት፣ ሁሉም ከሽሬ ናቸው፤ አንዱም ጎንደርን ረግጦ አያውቅም! የእናትሽን ወገን ደግሞ ትምጣና እኔው ፊቷ እቆጥርላታለሁ!»

ትብለጥ ስሞቹን ደገመች፤ ወይዘሮ እንጉዳይ ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው ከራሳቸው ወገን ጋር አስተያዩ። መብራቱ ተመልሶ ቀይ ሆነ።

«በሰደር» አሉ። «በአባት በኩል ዝምድና የለንም። የእናትሽን ወገን ለማስቆጠር እመጣለሁ በያት።»

ከጎናቸው ያለ አንድ ባለ ትልቅ መኪና ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ መንዳት ሳትችሉ ምን አወጣችሁ፣ ወደመጣችሁበት ተመለሱ ብሎ በዕብራይስጥ ጮኸ። ወይዘሮ እንጉዳይ ፊታቸው ጠቆረ፤ እጃቸው ከመሪው ላይ ሊላቀቅ ሲል ትብለጥ አየች።

መስኮቷን እስከ ታች አወረደችው። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችውን ንቀት፣ በየአዲስ ገቢው ላይ በከንቱ ስትረጨው የኖረችውን ሁሉ፣ በተጣራ ዕብራይስጥ አውጥታ ሰውየው ላይ ዘረገፈችው። ስለ አነዳዱ፣ ስለ አስተዳደጉ፣ ስለ መኪናው ትልቅነትና ስለ ሌላው ነገሩ ትንሽነት። ሰውየው መስኮቱን ዘጋ።

 ትብለጥ አፏን በእጇ ያዘች። አበላሸሁት፣ አለቀልኝ ብላ አሰበች።

«ቢኒ» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙ። «ይቺ ትሆነናለች።»

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ማንንም ሳይጠብቁ ተነሡ። ቢንያሚን፣ ያ ከመንገድ ላይ ዓይኑን የማያነሣው መምህር፣ ዞሮ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ትብለጥም ያዘችው።